ላይ ቤት ዝናብ አለ ወይ?

«እንደገና፣ አባባ። ሥራዎ ምን ነበር?»

«መምህር።»

«የት?»

«አንሶንግ፣ ገጠር ውስጥ። የብሩሽ ጽሕፈት። ሠላሳ ዓመት።» ሽማግሌው ፓንዶል ወለሉ ላይ ተቀምጠው አዲሱን ካልሲ እየጎተቱ ነው። «ተማሪዎቼ ለዓመት በዓል ዶሮ ያመጡልኝ ነበር ልበል?»

«ምንም አይበሉ! ዶሮም እንቁላልም የለም። ትንሽ ይብሉ፣ ትንሽ ፈገግ ይበሉ፣ በቃ። ስለ ፊልሙማ ትንፍሽ እንዳይሉ።»

«የትኛው ፊልም?»

«አባባ!»

«እሺ፣ እሺ። እኔ እኮ ንጉሥ ፊት ተጫውቼ አላውቅም። ዛሬ አማት ፊት ልጫወት ነው።» ብለው ሳቁ። ዮንግሬ አልሳቀችም። የአባቷን ክራቫት ፈትታ ለሦስተኛ ጊዜ እያሰረች ነበር።

ብትጨነቅም አይፈረድባትም። ዛሬ ቅዳሜ ሁለቱ ቤተሰብ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ማዕድ ሊቀርብ ነው። ልጇ ጋራም ኢቻን የሚባል ልጅ ልታገባ ነው። ኢቻን ፋርማሲስት ነው፣ አባቱም ፋርማሲስት ነው፣ የሞቱት አያቱ ደግሞ መድኃኒት ቤቱን የመሠረቱት ሰው ናቸው፤ ሴኡል መሃል ከተማ ላይ ያለ ባለ ሁለት ፎቅ መድኃኒት ቤት፣ መግቢያው ላይ የአያትየው ፎቶ በትልቁ የተሰቀለበት። ዮንግሬ ደግሞ ቻንግሺን ሰፈር ቁጭ ብላ ሱሪ ላይ ዚፕ የምትሰፋ ሴት ናት። የምትኖረውም እዚያው ስፌት ቤቱ ላይ ባለው ፎቅ ነው፤ ከታች ያሉት አሥራ አንድ የስፌት መኪናዎች ሲነሱ ከላይ የሻይ ብርጭቆ ሳይቀር ይንቀጠቀጣል። ባሏ ከሞተ አምስት ዓመቱ ነው። ስለዚህ በሴቷ ወገን የሚቀመጥ ሽማግሌ ቢባል ያው አባቷ ብቻ ናቸው፣ ሌላ ሰው የለም፣ መደበቂያም የለም። ከስምንት ወር በፊት የኢቻን እናት በስልክ «አባትዎስ ምን ይሠሩ ነበር?» ብላ ስትጠይቃት «መምህር» የሚለው ቃል ከአፏ አመለጠ። አስባበት አይደለም፣ እመኑኝ። ልጅ እያለች ከትምህርት ቤት ስትወጣ «የቧልተኛ ልጅ! እስቲ ገመድ ላይ ሂጂልን!» እያሉ እስከ ቤቷ በር ድረስ ይከተሏት ነበር። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ማንም ሰው ስለ አባቷ ሲጠይቃት አፏ ላይ የመጣውን ትላለች።

አዎ፣ ፓንዶል የገመድ ተጫዋች ነበሩ። ከመንደር መንደር የሚዞር ቡድን ውስጥ ያደጉ፣ በየገበያው ገመድ ወጥረው ማራገቢያ ይዘው ከላይ እየተራመዱ፣ እየዘለሉ፣ እየተቀመጡ፣ ታች ያለውን ሕዝብ በቀልድ ሲያፈርሱ የኖሩ ሰው። ከዚያ ቴሌቪዥን መጣ፣ ገበያተኛው ቤቱ ገባ፣ ገመዱም ተጠቅልሎ ተቀመጠ። አርባ ዓመት ማንም አላስታወሳቸውም። ዘንድሮ ነው እንግዲህ ነገሩ የተገለበጠው። ያ ፊልም ወጣ። ተዟዟሪ ተጫዋቾች ተይዘው ንጉሡ ግቢ ይገባሉ፣ ንጉሡም ገመዱን አይቶ «እኔም ካልወጣሁ» ብሎ እንደ ሕፃን ያለቅሳል፤ እሱ ነው ፊልሙ። አገሩ በሙሉ አብሮ አለቀሰ። የካቲት ሲገባ የሲኒማው ሰልፍ ገና አልቀነሰም፤ የዮንግሬ ቀጣሪ እንኳን፣ ለሽንት እረፍት የምትከለክለው ሴትዮ፣ ሁለቴ አይታ መጥታ «ወይኔ የገመዱ ሰውዬ!» ትላለች። ዋናውን ተዋናይ ደግሞ አራት ወር ሙሉ ገመድ ላይ መቆም ያስተማሩት ማን ናቸው? ፓንዶል ናቸው! መጨረሻ ላይ ስሞች ሲወርዱ ስማቸው አለ፤ ከመኪና አከራዩ በታች፣ ከምግብ አቅራቢው በላይ። ዮንግሬን ያዳናት አንድ ነገር ቢኖር ስም ሲወርድ ቁጭ ብሎ የሚያነብ ሰው አለመኖሩ ነው።

ፓንዶል ለፊልም ሠሪዎቹ ሁሉን ሰጥተዋል። አረማመዱን፣ ማራገቢያ አያያዙን፣ የድሮውን ስድብ ሳይቀር ሰጥተዋል። አንዲት ነገር ብቻ አልሰጡም። ገመድ ላይ ያለ ሰው እግሩ ሲከዳው ታች ያለው ሰው መጮህ የለበትም። «ተጠንቀቅ» አይባልም፣ ስሙም አይጠራም፤ ከጮህክበት ቁልቁል ያያል፣ ካየ አለቀለት። ስለዚህ የፓንዶል ቡድን የራሱ ነገር ነበረው። ታች ከበሮ ይዞ የሚቆመው ሰው፣ የምድር ሰው ይሉታል፣ ምንም እንዳልተፈጠረ፣ ጎረቤቱን እንደሚጠራ ሰው፣ «ላይ ቤት፣ ዝናብ አለ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ላይ ያለው የግድ መመለስ አለበት። «እዚህማ ፀሐይ ነው፣ እናንተ ጋ ነው የሚያፈሰው!» ይላል። መልሱን ሲፈልግ ትንፋሹ ይመለሳል፣ እግሩም ገመዱን ራሱ ያገኘዋል። ሕዝቡ ቀልድ መስሎት ይስቃል። ዳይሬክተሩ ይቺን ሰምቶ ሊያብድ ነበር፣ በልመና ገደላቸው። «ይቺ የገመድ ናት» አሉት፣ «ለካሜራ አትሆንም።» ከቡድኑ ሰዎች ዛሬ በሕይወት ያሉት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ቢያንስ እስከዚያ ቅዳሜ ምሳ ሰዓት ድረስ እንደዚያ ነበር የሚያምኑት።

ምግብ ቤቱ ኢንሳዶንግ ነው፤ የድሮ የጣውላ ቤት፣ ከመሬት ከፍ ብሎ የተሠራ፣ ጫማ ድንጋዩ ላይ ወልቆ የሚገባበት። ለአንድ ሰው ሃምሳ አምስት ሺህ ዎን። ጋራም ዋጋውን በሹክሹክታ ስትነግራት ዮንግሬ ሳታስበው በዚፕ አሰላችው፣ ስንት ሱሪ እንደሚሆን። የኢቻን ቤተሰብ ቀድሞ ደርሶ ነበር። አባትየው ክብ ፊት ያለው፣ ሳቂታ ሰው ነው። እናትየው ቀጭን፣ ዕንቁ ያሰረች፣ ስታወራ እጇን ደረቷ ላይ የምታደርግ ሴት ናት። ከሁሉም በላይ፣ ከግድግዳው ጋር፣ ትልቋ እመቤት ተቀምጠዋል፤ የኢቻን አያት፣ ሰባ ሁለት ዓመታቸው፣ ጀርባቸው ቀጥ ያለ፣ ፀጉራቸው እንደ በረዶ። የቤቱ ቁልፍ እሳቸው ጋ ነው ይባላል። መድኃኒት ቤቱም በስማቸው ነው፣ ልጃቸው መኪና ሲቀይር እንኳን አስፈቅዶ ነው። እነ ፓንዶል ሲገቡ እመቤቷ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ሰላም አሏቸው እንጂ ቀና ብለው የፓንዶልን ፊት አላዩም።

ምሳው መጀመሪያ ላይ ጥሩ ሄደ። የዱባ ሾርባ መጣ፣ የጎድን ወጥ መጣ፣ ቅመም የበዛበት ጎመን፣ ኪምቺው፣ መጣ። አስተናጋጇ እያንዳንዱን ሳህን እያስተዋወቀች ታስቀምጣለች። «ይሄ ደግሞ ዳልሬ ነው፣ የዱር ሽንኩርት፤ የዘንድሮ የመጀመሪያው ነው» አለችና ትልቋ እመቤት ፊት አኖረችው። እመቤቷ በአንድ ጣታቸው ሳህኑን ቀስ አድርገው ወደ ጎን ገፉት። ዮንግሬ አይታለች፤ ግን ሆድ የሚነፋቸው መስሏት አለፈችው። የኢቻን አባት ስለ አባቱ ያወራል። «አባቴ በአንድ የመድኃኒት ሳጥን ነው የጀመረው! አንድ ሳጥን፣ የእንጨት፣ ትከሻው ላይ። ዛሬም ቢሮዬ ውስጥ አለ፣ መስታወት ውስጥ አስገብቼዋለሁ።» ፓንዶል «የእንጨት ሳጥን ጥሩ ነው» አሉ፣ እንደ መምህር እየነቀነቁ። ዮንግሬ ትንፋሿ ተመለሰላት። ልታልፈው ነው። አንድ ሰዓት ቀረ፣ ከዚያ ፍራፍሬው፣ ከዚያ ጫማ፣ ከዚያ ታክሲ።

ከዚያ የኢቻን እናት ፊልሙን አነሳች።

«ሦስቴ አየሁት! ሦስቴ! እነዚያ ምስኪኖች፣ ቤት የላቸው፣ ዘመድ የላቸው፣ ግን እንዴት ያለ ጥበብ! የጋራም እናት፣ አላለቀሱም?» እጇ ደረቷ ላይ ነው። «እኔ መኪና ማቆሚያው ሳይጨናነቅ ልውጣ ብዬ ነው እንጂ መጨረሻው ላይ ቁጭ ብዬ ብቀር ደስ ይለኝ ነበር።»

«አለቀስኩ እንጂ» አለች ዮንግሬ።

«እሷ ታልቅስ» አለ ባልየው፣ አፉን እየጠረገ። «እኔን ግን አያታልሉኝም። ያ ገመድ ላይ ቁጭ ብድግ የሚለው ነገር ሽቦ ነው። በሽቦ ጎትተው በኮምፒዩተር ያጠፉታል። እውነተኛ ሰው እንደዚያ አይችልም።»

የፓንዶል ማንኪያ ሳህኑ ላይ ተቀመጠ። ቀስ ብሎ። ዮንግሬ ከጠረጴዛው በታች ጉልበታቸውን ጭምቅ አደረገች። እሳቸው እጇን መታ መታ አደረጉላት፣ አይዞሽ እንደማለት፣ ከዚያ «ሽንት ቤት ደርሼ ልምጣ» ብለው ተነሱ። ኢቻን ጨዋ ልጅ ስለሆነ ሊደግፋቸው ተከትሏቸው ወጣ። ተንሸራታቹ በር ክፍት ቀረ። ውጭ በረንዳው አለ፤ የበረንዳው ጠርዝ ላይ ደግሞ አንዲት ጠባብ ጣውላ፣ ከእግር የማትሰፋ፣ ከሥሯ የጫማው ድንጋይ ያለ፣ ከፍታው እስከ ወገብ። ፓንዶል ግድግዳው ላይ ለጌጥ የተሰቀለውን ማራገቢያ አወረዱና ጣውላዋ ላይ ወጡ።

«ና እስቲ እይ ልጄ» አሉት ኢቻንን፣ «የት ጋ ነው ሽቦው?»

ሰባ ሦስት ዓመታቸው ነው። አንድ እርምጃ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ማራገቢያው ተከፈተ፣ ወገባቸው ላላ፣ እና እንዴት ልበላችሁ፣ ሰውየው ወጣት ሆኑ። ዮንግሬ ከልጅነቷ ጀምሮ አባቷን እንደዚያ አላየቻቸውም። ዞሩ። ሲዞሩ አዲሱ ካልሲ፣ እሷ ራሷ ለዛሬ ብላ የገዛችላቸው ካልሲ፣ የተወለወለው እንጨት ላይ ተንሸራተተ።

ሁሉም ጮኸ። ጋራም ጮኸች፣ የኢቻን እናት ጮኸች፣ አስተናጋጇ ሳህን ጣለች። ዮንግሬም «አባባ!» ብላ ጮኸች፣ ከሁሉም በላይ የሷ ድምፅ ነው የተሰማው። ፓንዶል ቁልቁል አዩ። ጎበጡ። ማራገቢያው ከእጃቸው ሊወጣ ሆነ። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል ከግድግዳው ጋር አንድ ድምፅ፣ ሳይቸኩል፣ ጎረቤት እንደሚጣራ ሰው፣ አለ፦

«ላይ ቤት፣ ዝናብ አለ ወይ?»

«እዚህማ ፀሐይ ነው!» አሉ ፓንዶል፣ ሳያስቡት። «እናንተ ጋ ነው የሚያፈሰው!» እግራቸው ጣውላዋን አገኛት። ቆሙ። ቀጥ ብለው ቆሙ።

ዮንግሬ ዞር ስትል ትልቋ እመቤት ሻያቸውን እየጠጡ ነው። ኩባያውን የያዘው እጅ ግን ሻዩን ቀሚሳቸው ላይ እያፈሰሰው ነበር።

«እማ፣ ውጭ እኮ ፀሐይ ነው፣ የምን ዝናብ አመጣሽ?» አለ ልጃቸው እየሳቀ፣ ሰው ደንግጦ ሲስቅ እንደሚስቀው። «በቃ አረጀሽ!» ከዚያ ለፓንዶል አጨበጨበ። «መምህር! ይሄንን የት ተማሩት?» ፓንዶል ከጣውላዋ ወረዱ፣ ማራገቢያውን አጠፉ፣ ትልቋን እመቤት አዩ። ለረጅም ጊዜ አዩ። እመቤቷ ኩባያውን ነው የሚያዩት። ሽማግሌው ለእሳቸው ብቻ ወገባቸውን ሰብረው እጅ ነሱ፣ ከዚያ ለሁሉም እንዲሰማ «መምህር አይደለሁም» አሉ። «ገመድ ላይ ነው ያረጀሁት። ያንን ተዋናይም ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ግራ እግሩ ይፈራል፣ እሱን ብቻ ላድንለት አልቻልኩም። ልጄን አትቆጧት፤ መምህር ነኝ በል ስትለኝ እሺ ያልኩት እኔ ነኝ።» ክፍሉ ውስጥ ማንም ማንኪያ አላነሳም። የኢቻን እናት እጇን ከደረቷ ላይ አወረደች። «ሥራው አይደለም የከፋኝ» አለች ለዮንግሬ፣ በጣም ለስለስ አድርጋ፣ «ውሸቱ ነው።» ፍራፍሬው መጣ። ማንም አልነካውም።

ዮንግሬ ፊቷን ልትታጠብ ሄደች። ከመታጠቢያው ጀርባ፣ በቀጭኑ በር፣ የኢቻን እናት ለእህቷ ስትደውል ሰማቻት። «አዎ እያልኩሽ! የገመድ ቧልተኛ! ፊልም ላይ ሲሆን ሌላ ነው፣ ትኬት ቆርጠሽ አልቅሰሽ ትመለሻለሽ። የልጅ ልጄ ላይ ሲመጣስ? መድኃኒት ቤቱ በር ላይ ሁለት ፎቶ ልሰቅል ነው? ግን ኢቻን ያብዳል፣ አባቱም ሽማግሌውን ወዷቸዋል፣ እንጃ፣ ልዋጠው መሰለኝ።» ዮንግሬ ውሃውን ሳትከፍት እጇን ገንዳው ውስጥ አድርጋ ቆመች። ሦስቴ ያለቀሰች ሴት! ያቺው ዕንባ፣ ያቺው አፍ! ስትወጣ መተላለፊያው ላይ አንድ እጅ አንጓዋን ያዛት። ትልቋ እመቤት ናቸው። ብቻቸውን ናቸው።

«አንቺ ነሽ የጮህሽው» አሉ። ድምፃቸው ምሳ ላይ የነበረው አይደለም፤ የገበያ ድምፅ ነው፣ ከሆድ የሚወጣ። «የገመድ ሰው ልጅ ሆነሽ ትጮኺያለሽ? ልትገድዪው ነበር እኮ! ማን ነው ያሳደገሽ?»

እመቤቷ የተናገሩትን ራሳቸው ሰሙት መሰለኝ፤ እጃቸው ላላ፣ ፊታቸው ተመልሶ ተዘጋ። «እኔ ምንም አላልኩም» አሉ። «ዕድሜ ነው። ሰው ሲያረጅ ስለ ዝናብ ያወራል። እሺ?»

«እሺ፣ እማማ።»

«ልጄም አያውቅም። ማንም አያውቅም። ሃምሳ ዓመት ሙሉ። እሺ በይኝ እንጂ።»

«እሺ አልኩ እኮ፣ እማማ።»

ታክሲ ውስጥ ጋራም ከፊት ተቀምጣ አንገቷን ወደ መስኮት አዞረች። ዮንግሬ በአባቷ ጆሮ «እመቤቷ ማን ናቸው?» አለች። «ዳልሬ» አሉ ፓንዶል። «ከጦርነቱ በፊት ነው፣ እርሻ ዳር የዱር ሽንኩርት እየነቀለች ስትበላ አግኝተን ነው ስሙን ያወጣንላት። የእኔ የምድር ሰው እሷ ነበረች። ስድስት ዓመት፣ ከላይ ሆኜ ቁልቁል ሳላይ የሄድኩት እሷ ታች ስላለች ነው።» ክራቫታቸውን ፈቱ። «ከቡድኑ ጋር የሚዞር መድኃኒት ሻጭ ነበር። እኛ ሰው እንሰበስብለታለን፣ እሱ መሃል ላይ ሳጥኑን ይከፍትና የሆድ ትል፣ የወገብ ሕመም፣ መካንነት፣ ሁሉንም በአንድ ዱቄት ያድናል። ጦርነቱ ባበቃ በሁለተኛው ዓመት አንድ ጠዋት እሱም የለም፣ እሷም የለችም፣ ሳጥኑም የለም።» ሳቁ፣ ግን ሳቃቸው ወዲያው አለቀ። «መስታወት ውስጥ አስገብቼዋለሁ አለ? ያንን ሳጥን እኮ ስንቴ ዘልዬዋለሁ።» ያ በር ላይ የተሰቀለው ፎቶ! ያ ሦስት ትውልድ! ከሷ አባት ገመድ ሥር ነው የተነሳው፣ የገበያ ዱቄት ሽጦ! «ታዲያ ለምን ዝም አሉ?» አለች። አባቷ እንደማያውቋት ሰው አዩዋት። «ጠራችኝ እኮ። ሃምሳ ዓመት የደበቀችውን አፍ ከፍታ እኔን ያዘችኝ። እኔ ደግሞ ገመዱን ከሥሯ ልጎትትባት?»

ቤት ሲደርሱ አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ነው። ከታች መኪናዎቹ ገና እየሮጡ ነው፣ ወለሉ ይንቀጠቀጣል። ጋራም ውስጠኛው ክፍል ገብታ በሩን ዘጋች፤ ከኢቻን ጋር በስልክ ስታወራ ይሰማል፣ መጀመሪያ ጮክ፣ ከዚያ ዝቅ፣ ከዚያ ምንም። ፓንዶል ከአልባሳቱ ሥር የብስኩት ቆርቆሮ አወጡና አንዲት የጠወለገች ፎቶ ለዮንግሬ ሰጧት። ገበያ ነው፣ ገመድ ነው፣ ከገመዱ ሥር ከበሮ ያነገተች ቀጭን ልጅ ቀና ብላ ታያለች፣ ጀርባዋ ቀጥ ያለ። ከጎኗ አንድ ሰው የእንጨት ሳጥን ላይ ተቀምጧል። ፊቱን ዮንግሬ ታውቀዋለች፤ ስምንት ወር ሙሉ መድኃኒት ቤቱ በር ላይ አይታዋለች። ስልኩ የጮኸው ፎቶው ገና እጇ ላይ እያለ ነው።

የኢቻን እናት ናት። «የጋራም እናት» አለች፣ «እውነቱን ልንገርዎት፣ እኔ ልዋጠው ነበር። ባለቤቴም ሽማግሌውን ወዷቸዋል፣ መንገድ ላይ ሁሉ ስለሳቸው ሲያወራ ነው የመጣው። ግን እማማ እምቢ አሉ።»

«ማን?»

«አማቴ። ቤት እንደገባን ነው የተኙት። ‹ከቧልተኛ ጋር አንድ ማዕድ ቀርቤ አላውቅም፣ ያቺ ልጅ እዚህ ቤት ከገባች እኔ እወጣለሁ› አሉ። እንዲህ ብለው አያውቁም፣ እኔም ደነገጥኩ። ኢቻን እግራቸው ላይ ወድቆ ለምኗል። በዚህ ቤት ደግሞ የእሳቸው ቃል የመጨረሻ ነው፣ ያውቃሉ። ስለዚህ እዚሁ ላይ እናቁመው።»

ዮንግሬ ፎቶውን ቀና አድርጋ አየችው። ከቧልተኛ ጋር ማዕድ ቀርቤ አላውቅም! ሽንኩርት ነቅላ ስትበላ ያገኟት ልጅ! ስድስት ዓመት ከአንድ ድስት! መተላለፊያው ላይ ያየችው ፊት ትዝ አላት፣ ያ «እሺ በይኝ እንጂ» ያለው ፊት፤ እና ገባት። ሴትየዋ ጠልተው አይደለም። ፈርተው ነው። ፓንዶል ዘመድ ከሆኑ በየዓመት በዓሉ ሊመጡ ነው፣ አጠገባቸው ሊቀመጡ ነው፣ አንድ ቀን ሌላ ቃል ሊያመልጥ ነው። የውስጠኛው ክፍል በር ተከፈተ። ጋራም ቆማለች፣ አይኗ አብጧል፣ የራሷ ስልክ በእጇ ላይ ጠፍቷል። «አያቱን አልፎ መሄድ አይችልም፣ እማ» አለች። «ከአንቺ ሌላ ሰው አላገባም አለኝ። ግን አያቱን አልፎ አይችልም።» ከዚያ የእናቷን እጅ አየች፣ ፎቶውን። «ምንድነው እሱ?»

ለዮንግሬ አንድ ቃል ብቻ ነው የሚያስፈልጋት። ዳልሬ። ወይ ሳጥኑ። ወይ «አማትዎን ምን ከበሮ ይመቱ እንደነበር ይጠይቋቸው»። አንድ ቃል ትልና ያ ቀጥ ያለ ጀርባ ይሰበራል፣ ያ ፎቶ ከበር ላይ ይወርዳል፣ ልጇም ምናልባት፣ ምናልባት ታገባለች። አፏ ተከፈተ። ስልኩን ወደ አፏ አስጠጋች፣ ከሥሯ ወለሉ በስፌት መኪናዎቹ ይንቀጠቀጣል። ፓንዶል ወለሉ ላይ እንደተቀመጡ ቀና ብለው አዩዋት። አልጮኹም። ስሟንም አልጠሩም። «ተይ» እንኳን አላሉም። ጎረቤት እንደሚጣራ ሰው፣ ሳይቸኩሉ፣

«ላይ ቤት» አሉ፣ «ዝናብ አለ ወይ?»

ከስልኩ የኢቻን እናት ድምፅ መጣ፣ ቀስ ብሎ፣ እንደነቃ ሰው። «ቆይ። አባትዎ ናቸው አሁን ያሉት? የምን ዝናብ ነው? እማማም ምሳ ላይ ይቺኑ ነው ያሉት፣ ቃል በቃል። ባለቤቴ ዕድሜ ነው አለ። የጋራም እናት፣ ይሰሙኛል? ምንድነው ይሄ የዝናብ ነገር? ከየት ነው የሚተዋወቁት?»

ጋራም በሩ ላይ ናት። ፓንዶል ወለሉ ላይ ናቸው፣ መልስ እየጠበቁ፤ ላይ ያለ ሰው የግድ መመለስ አለበት። ፎቶው የዮንግሬ እጅ ላይ ነው። ዳልሬ አባቷን ይዛላታለች፣ ልጇን ደግሞ ጥላባታለች፣ በአንድ ቀን። ስልኩም «ሃሎ? ሃሎ?» እያለ ነው።

እናንተ ብትሆኑ ምን ትመልሱ ነበር?